«ባዶ» የተጻፈባት ብልቃጥ

ጠብታ ለስላሳውን ወረቀት ሁለቴ አጠፈችና ጫፉን በጠቋሚ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ከዚያም ከምስር ፍሬ የማትበልጠውን የመለኪያ ማሽኑን ዓይን ጠረገች፤ መጀመሪያ የታችኛዋን፣ ቀጥሎ በክንዱ ላይ ያለችውን የላይኛዋን። ስትጠርግ ትንፋሿን ትይዛለች። ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ በዚህች ዓይን ላይ ደግሞ ያልተጠራ እንግዳ አትወድም። ወረቀቱን ገልብጣ በደረቁ በኩል ደገመችው፣ ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ብርሃን አየችው፣ አሁንም አላመነችውም መሰል አንዴ ጨመረችለት።

«ያንን ዓይን እንደምትጠርጊው የባልሽን መነጽር ብትጠርጊለት ኖሮ ከግድግዳ ጋር አይጋጭም ነበር» አለች ፏፏቴ ከመታጠቢያ ገንዳው በኩል።

«እሱ የሚጋጨው በመነጽሩ አይደለም፤ ወደ ኋላ እያወራ ወደ ፊት ስለሚሄድ ነው።»

«ግድግዳ ቀቢ ሆኖ ግድግዳ አለማየት!»

ፏፏቴ የቤተ ሙከራው ዕቃ አጣቢ ናት። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ካልከፈተች ያጠበች አይመስላትም፤ ወሬዋም እንደ ቧንቧዋ ነው። የሥራ ባልደረባዋን «ጠብታ» ብላ የሰየመቻት እሷ ስለሆነች፣ ጠብታም ብድሯን መለሰችና «ፏፏቴ» አለቻት። ሁለቱም ስሞች ተስማሟቸው። አሁን ከደመወዝ ክፍሉ በቀር እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም።

የጠብታ ሥራ ሁሉ በእርግጥም በጠብታ ነው። ከዕፅዋት ቅጠል ዲኤንኤ ታወጣለች፣ ያወጣችውን ትለካለች፣ የለካችውን ፊደሉን ተራ በተራ ወደሚያነበው ወደ ትልቁ ማዕከል ትልካለች። ፒፔት የሚባለውን መምጠጫ ስትይዝ እጇ እንደ ቤት ምሰሶ አይነቃነቅም። ይህ የእጅ ርጋታ ከልጅነቷ የመጣ ነው። እናቷ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው፤ ዘይት ከበርሜል ወደ ጠርሙስ የምትቀዳው እሷ ነበረች። ወንድሞቿ ሲቀዱ ወለሉ ይጠግባል፣ እሷ ስትቀዳ ጠርሙሱ። ትምህርቷን ጨርሳ ለጥቂት ጊዜ በአንድ ክሊኒክ ደም መርማሪ ሆነች፤ ነገር ግን ሕመምተኛ ባለቀሰ ቁጥር አብራ ስለምታለቅስ «ቅጠል አያለቅስም» ብለው ወደዚህ ላኳት። እዚህም አርጅታ ልትወጣ ነው።

ቤትም ቢሆን አመሏን አትተውም። ልጆቿ ትንንሽ ሳሉ የሳል መድኃኒታቸውን በማንኪያ ስትሰጥ ማንኪያውን ከዓይኗ ትይዩ ታደርግና አጎንብሳ ታየዋለች። ባሏ አንድ ቀን፣ «እኔንስ ያገባሽኝ ለክተሽ ነው?» ቢላት፣ «ለክቼማ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ረዘም ያለ እመርጥ ነበር» አለችው። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ እየተናገረ ይስቃል።

በዚያ ጠዋት ግን ጠብታ ለሳቅ ልብ አልነበራትም። በበረዶው ሣጥን ውስጥ፣ ከአውራ ጣቷ የምታንስ አንዲት ቱቦ ተቀምጣለች። በቱቦዋ ውስጥ የአማቷ የብርቱካን ዛፍ ዲኤንኤ አለ። ዛፉ በሕይወት መኖር አለመኖሩ በዚህች ቱቦ ላይ ተንጠልጥሏል።

አማቷን ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» ነው የሚላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ዛሬም ሰው በር ላይ ተጨናንቆ ካዩ «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!» ማለት ይቀናቸዋል። ከግቢያቸው መሐል ያለውን ብርቱካን የተከሉት ልጃቸው፣ ማለትም የጠብታ ባል፣ በተወለደ ዓመት ነው። ልጅና ዛፍ አብረው አደጉ፤ እሳቸው እንደሚሉት ከሁለቱ የታዘዛቸው ዛፉ ነው።

በቅርቡ በሰፈሩ ቢጫ በሽታ ገባ። የብርቱካኑ ቅጠል ሁሉ ነብር መሰለ፣ ፍሬው ሳይበስል ረገፈ፣ ዛፎቹ ቆመው ደረቁ። የዕፅዋት ጤና ቢሮ በሽታው እንዳይዛመት የታመመውም ያልታመመውም ብርቱካን እንዲቆረጥ አዘዘ። የአባባ ዛፍ ግን በሁለት የደረቁ ጎረቤቶች መካከል አረንጓዴ እንደለበሰ ቀረ። አንዲት ቅጠል አልቀየረም። ቢሆንም ትዕዛዝ ትዕዛዝ ነው። ቆራጮቹ ከነገ ወዲያ እንደሚመጡ ተነገራቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስቆርጥ ኖሬ፣ ዛሬ እኔን ሊቆርጡኝ ይመጣሉ» አሉ አባባ።

«እርስዎን አይደለም አባባ፣ ዛፉን ነው» አላቸው ልጃቸው።

«ምን ልዩነት አለው? እሱም እንደ እኔ ዕድሜውን ቆሞ የጨረሰ ነው።»

ይህን ጠብታ መጥታ ለዶክተሯ ነገረቻት። ዶክተሯ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናት፤ ከጠብታ በዕድሜ ብዙ ታንሳለች፣ ጸጉሯን በእርሳስ ትሰካና እርሳሷን ስትፈልግ ትውላለች። ነገሩን ሰምታ ለቢሮው ደወለች። ሁሉም ዛፍ ሲሞት አንድ ብቻ ከቆመ፣ በውስጡ በሽታውን የሚመክት ነገር ሊኖር ስለሚችል ዲኤንኤው ሳይነበብ መቆረጥ የለበትም ብላ ተከራከረች። ቢሮውም ተስማማ፤ ግን አንድ ነገር ጠየቀ። ማንበቢያው ማዕከል ናሙናውን «ተቀብያለሁ» ካለ፣ ተነብቦ እስኪያልቅ ዛፉ አይነካም። ካልተቀበለ ይቆረጣል። ማዕከሉ የዚህን ዙር ናሙና መቀበል የሚያቆመው ደግሞ ጠብታ ዓይኑን በምትጠርግበት በዚሁ ዕለት ነበር።

ማዕከሉ የሚልኩለትን ሁሉ አይቀበልም። ማንበቢያው ማሽን ቀበጥ ነው፤ የቀረበለት ካነሰው አያነብም፣ ከቆሸሸበት አፉን ይዘጋል። ስለዚህ ናሙናው ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር መለካት አለበት፤ ምን ያህል ዲኤንኤ እንዳለውና ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ።

የብርቱካን ቅጠል ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ሙጫ አለው፣ ስኳር አለው፣ ዘይት አለው። አባባ መሰላል ላይ ወጥተው፣ ልጃቸው ከታች «ኧረ ይውረዱ!» እያለ፣ ከየጫፉ ለጋ ለጋውን ለቅመው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ላኩ። ከዚያ ወዲያ ዛፉ ላይ የቀረው ወፍራም አሮጌ ቅጠል ብቻ ነው። ጠብታ ለጋውን በቀዝቃዛ ሙቀጫ ፈጨችው፣ አጠበችው፣ በአልኮል አረጋችው፤ በመጨረሻም እንደ ነጭ የጥጥ ክር የመሰለች ነገር ወጣች። ያችን ክር በማቆያ ፈሳሽ አሟሟቻት። ሌላ የለም። ያለችው እሷው ናት።

«ጀምሪ እንግዲህ፣ እትዬ» አለች ዶክተሯ። «ሾፌሩ ከምሳ በፊት ይመጣል።»

ጠብታ ቱቦዋን ከበረዶው አውጥታ በመዳፏ አሟሟቀቻት፤ ቀስ ብላም ገለበጠቻት፣ መለሰቻት። አልናጠቻትም። ዲኤንኤ ረጅም ክር ነው፤ ሲንጡት ይበጣጠሳል። ካልተቀላቀለ ደግሞ ከታች ይከማችና ከላይ የቀዳ ሰው «ምንም የለም» ይላል፣ ከታች የቀዳ «ሀብታም ነኝ» ይላል። ሁለቱም ይዋሻሉ።

መጀመሪያ መጠኑን ለካች። ይህ የሚለካው በሚያበራ ቀለም ነው። ቀለሙ ሌላውን ሁሉ ትቶ ዲኤንኤን ብቻ ይይዝና በሣጥኑ ውስጥ አረንጓዴ ያበራል፤ የብርሃኑ ድምቀት መጠኑን ይናገራል። ልካቸው የታወቀ ሁለት ናሙናዎችን አስቀድማ አስነበበች። ከዚያ የአባባን ዛፍ አስገባች።

ሃምሳ አራት።

ማዕከሉ የሚፈልገው ከሃምሳ በላይ ነው። ጠብታ ወንበሯ ላይ ሆና በእግሯ ጣቶች ብቻ ጨፈረች፤ ከላይ ላያት ሰው ምንም የሆነች አትመስልም።

«እግርሽን አየሁት!» አለች ፏፏቴ።

ቀጥሎ ንጽሕናው። ለዚህ ነው ያንን ዓይን ስትጠርግ የቆየችው። አንዲት ጠብታ በታችኛዋ ዓይን ላይ ትቀመጣለች፣ ክንዱ ይወርዳል፣ ብርሃን በጠብታዋ ውስጥ ያልፋል። ዲኤንኤ የሚውጠው ብርሃን ሌላ ነው፣ ጨውና ስኳር የሚውጡት ሌላ። ማሽኑ ሁለቱን ያካፍልና አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ወደ ሁለት ሲጠጋ ንጹሕ ነው፣ ከዚያ በጣም ሲወርድ ቆሻሻ አለበት።

ግን ከሁሉ በፊት ማሽኑ «ባዶውን» ማየት አለበት። ይህም በዓለም ላይ ያለ ባለ ሱቅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ስኳር በሣህን ከመመዘኑ በፊት ሣህኑ ለብቻው ይመዘናል፤ አለዚያ ገዢው ሣህን ይገዛል። ዲኤንኤው በማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ፣ ማሽኑ አስቀድሞ ዲኤንኤ የሌለበትን ማቆያ ፈሳሽ ማየትና «ይህን አትቁጠር» መባል አለበት። ጠብታ ያንን ፈሳሽ የምታኖረው በአንዲት ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ነው። ድሮ ብልቃጧ ላይ ክብ ምልክት ብቻ ነበረባት። ትናንት ወደ ማታ ምልክቱ መደብዘዙን አይታ፣ ማንም እንዳይሳሳት ብላ፣ በወፍራም ብዕር አሳምራ «ባዶ» ብላ ጻፈችባት።

ብልቃጧን ከመደርደሪያው አነሳች። ከታች ትንሽ ጠብታ ብቻ ቀርታለች። «ሰው ተጠቅሞባታል ማለት ነው» አለች በልቧ። ለአንድ ንባብ ያንሳል አይባልም። ከብልቃጧ አንድ ጠብታ አስነበበች፣ ጠረገች፣ ከዚያ የአባባን ዛፍ አስቀመጠች፣ ክንዱን አወረደች።

ቁጥሩ ሲወጣ አንገቷን ወደ ማያው አስጠጋች። ሲጠጉት የሚለወጥ ይመስል።

«ስንት አለ?» አለች ዶክተሯ።

«አንድ ነጥብ ሦስት።»

«ሁለት ገደማ መሆን ያለበት?»

«ሁለት ገደማ መሆን ያለበት።»

ዶክተሯ መጥታ ከኋላዋ ቆመች። እርሳሷን ከጸጉሯ መዘዘች፣ ጸጉሯ ወረደ፣ መልሳ ሰካችው። «የቅጠሉ ስኳር ይሆን?»

«ጨውም ሊሆን ይችላል። አልኮሉ ሁለቴ አልፎበታል እኮ፣ ዶክተር። እኔ ራሴ ነኝ ያሳለፍኩት።»

«እንደገና ብናጥበውስ?»

«ካጠብነው ሲሶው ይሄዳል።»

«በጥቂት ፈሳሽ ብናሟሟው?»

«ሃምሳው ይሞላል፣ ጠቅላላ ብዛቱ ግን ያንሳል። ማዕከሉ ሁለቱንም ነው የሚያየው።»

ቢያጥቡት ያንሳል፣ ባያጥቡት ቆሻሻ ነው። ከዚያም በላይ እያንዳንዱ ንባብ አንድ ጠብታ ይበላል፤ እንደ ልብ እየደጋገሙ መሞከርም አይቻልም። ጠብታ የአልኮሉን ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ክዳኑን ግን አልከፈተችውም።

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። አባባ ናቸው።

«ልጄ፣ ትኬቱ ተቆረጠ?»

ጠብታ መዋሸት አትችልም፤ እውነቱንም መናገር አልሆነላትም። «ወረፋ ላይ ነን፣ አባባ።»

«መቀመጫ አለ?»

«እየፈለግን ነው።»

«መቀመጫ ከሌለ ቆሞም ቢሆን ይሂድ! ቆሞ መሄድ የለመደ ነው በይልኝ።» ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዛሬ ከሥሩ ወንበር አውጥቼ ተቀምጫለሁ። ምን ያህል ጥላ እንዳለው አላስተዋልኩም ነበር።»

ጠብታ ስልኩን ዘግታ የአልኮሉን ጠርሙስ አየችው። ጠርሙሱም ያያት መሰላት።

«ቆይ እስቲ» አለች ዶክተሯ። «ባለፈው ሳምንት ያስነበብሽው የበቆሎ ናሙና፣ ጥሩ የወጣልን፣ አለ?»

«አለ። በዚያው ፈሳሽ ነው ያለው።»

«እሱን አስነብቢልኝ። ማሽኑ ጤናው ከሆነ እንይ።»

ጠብታ ዓይኑን ጠርጋ የበቆሎውን አስቀመጠች። ባለፈው ሳምንት ሁለት ያለው በቆሎ አንድ ነጥብ አራት አለ።

«ባለፈው ንጹሕ የነበረ ዛሬ በምን ቆሸሸ?» አለች ዶክተሯ።

የጠብታ እጅ ቀስ ብሎ ከአልኮሉ ሸሸና ወደ ብልቃጧ ሄደ። በቆሎውና ብርቱካኑ የሚጋሩት አንድ ነገር እሷን ነው። ብልቃጧን ወደ መስኮቱ አነሳቻት። ብርጭቆዋ ታበራለች፤ እንዲህ አብርታ አታውቅም። በውስጥ ግድግዳዋ ላይ ጥቃቅን ጠብታዎች ተለጥፈዋል፣ ክዳኗ እስከ ውስጥ ድረስ እርጥብ ነው።

«ፏፏቴ!»

«አቤት!»

«ይህችን ብልቃጥ ነክተሻታል?»

«መንካት ብቻ? አጥቤያታለሁ እንጂ!» አለች ፏፏቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። «ዛሬ ጠዋት ገና ስገባ።»

«ለምን?»

«ለምን ትያለሽ? ‹ባዶ› ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ? አንስቼ ሳያት እስከ ግማሽ ፈሳሽ አለባት። ‹ምስኪን ጠብታ፣ ዓይኗ ደከመ፣ ያልታጠበ ብልቃጥ ባዶ ነው ብላ አስቀመጠች› ብዬ አዘንኩልሽ። ደፋሁልሽ፣ በሳሙና አጠብኩልሽ፣ በተጣራ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅኩልሽ፣ ቦታዋ መለስኩልሽ። ባዶ የተባለ ነገር ባዶ መሆን አለበት!»

ዶክተሯ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የደነገጠች ትመስል ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን እየሳቀች መሆኗ ታወቀ።

«ምነው? አጥፍቻለሁ እንዴ?» አለች ፏፏቴ።

«ባዶ ማለት እኮ ባዶ አይደለም» አለች ጠብታ።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ባዶ ማለት… ያ ባዶ የሚባለው ፈሳሽ ያለበት ማለት ነው።»

ፏፏቴ ወደ ዶክተሯ ዞረች። «ይሰማሉ፣ ዶክተር? ሙሉ ስትሆን ባዶ ናት፣ ባዶ ስትሆን ጥፋት ነው። እኔ በዚህ ቤት የማጥበው ዕቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቋንቋም ማጠብ ነበረብኝ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ጠብታ። ፊቷ ግን እየፈካ ነበር። ማሽኑ ከብልቃጧ ያየው የማለቅለቂያ ውሃ ነው። ውሃውን አትቁጠር ሲባል ውሃውን ተወ፤ የማቆያውን ፈሳሽ ግን አትቁጠር ያለው ስለሌለ፣ የፈሳሹን ጥላ ሁሉ ብርቱካኑ ላይ ደምሮ ቆሻሻ ነህ አለው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ሣህኑ ሳይመዘን ስኳሩ ተመዝኗል።

«አጥበነው ቢሆን ኖሮስ?» አለች ዶክተሯ፣ ሳቋ እየበረደ።

ጠብታ የአልኮሉን ጠርሙስ አንስታ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከኋላ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ጀርባ ከተተችው።

ከዚያ ከትልቁ የማቆያ ፈሳሽ ጠርሙስ በአዲስ ቱቦ ቀዳች። ዓይኖቹን ጠረገች። አዲሱን ባዶ አስነበበች፤ ያንኑ ባዶ መልሳ እንደ ናሙና አስቀመጠችና ምንም እንደሌለበት አየች። በቆሎውን አስቀመጠች፤ ሁለት። «እሰይ» አለች ዶክተሯ በሹክሹክታ። ፏፏቴ ቧንቧዋን ዘጋች። ያ ቧንቧ በሥራ ሰዓት ሲዘጋ ቤቱ ሌላ ቤት ይመስላል።

የብርቱካኑ ተራ ደረሰ። ጠብታ ከቱቦዋ አንዲት ጠብታ መጠጠች፣ በጫፉ ላይ የአየር አረፋ አለመኖሩን አየች፣ አስቀመጠች። ጠብታዋ በዓይኑ ላይ እንደ ጤዛ ክብ ሆና ቆመች። ክንዱን አወረደች። በዚያች ቅጽበት ከግቢ በኩል የመኪና ጥሩንባ ጮኸ፤ ሦስቱም ሴቶች ዘለሉ።

ሁለት ነጥብ አንድ።

ጠብታ ቁጥሩን ጮክ ብላ ልታነብ አፏን ስትከፍት ተቀደመች። ያነበበችላት ፏፏቴ ናት፤ ሾፌሩ ግቢ ሆኖ እስኪሰማ።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?» አለ ሾፌሩ በበሩ አንገቱን አስግጎ። «ጠብታ፣ ባሕር እስኪሞላልሽ ነው የምጠብቀው?»

«መጣሁ! አትነዝንዝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«ደግሞ ምን ያህል ዕቃ ነው? ሰው ልጥራ የሚያግዝ?»

ጠብታ ቱቦዋን በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጣ ሣጥኑን በፕላስተር አሸገች፤ መጠኑንና ንጽሕናውን በወረቀት ጽፋ ከላይ ለጠፈች። ሾፌሩ ሣጥኑን ተቀብሎ አነሳው፣ ቅለቱን አይቶ ቅንድቡን አነሳ።

«ባዶ ነው እንዴ?»

ፏፏቴ የሳቀችው ሳቅ እስከ መንገድ ተሰማ። ሾፌሩ ምን እንዳሳቃት ሳይገባው፣ ሣጥኑን ከጎኑ አስቀምጦ የደኅንነት ቀበቶ አስሮለት ሄደ። ጠብታ ለምናው ነው።

ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነው። ማዕከሉ የተላከለትን በራሱ መለኪያ ደግሞ ይለካል፤ ከዚያ ነው «ተቀብያለሁ» የሚለው። ጠብታ ምሳዋን ከፍታ ዘጋችው። መደርደሪያውን አስተካከለች። የብልቃጧን ጽሑፍ በአልኮል አጥፍታ እንደገና ልትጽፍ ብዕር አነሳችና ምን እንደምትጽፍ ጠፋት።

«‹አትንኪኝ› ብለሽ ጻፊባት» አለች ፏፏቴ።

«‹ፏፏቴ አትንኪኝ› ብል ይሻላል።»

እንደዚያው ጻፈችው። ዶክተሯ አይታ እንዲጠፋ አላዘዘችም።

ትንሽ ቆይቶ ባሏ ደወለ። ከኋላው የብሩሽ ድምፅ ይሰማል፤ መሰላል ላይ ነው።

«ምን ደረሰ?»

«ሄደ። መልሱን እየጠበቅን ነው። መሰላል ላይ ሆነህ አታውራ።»

«እሺ፣ እየወረድኩ ነው» አለ፣ ሳይወርድ። «ስሚ፣ አባባ ጠዋት ምን አደረጉ መሰለሽ? መጋዙን እንዲሳል ስለት ቤት ሰጥተውታል። ‹የማላውቀው ሰው በደነዘ መጋዝ ከሚያሠቃየው፣ ከተቆረጠ እኔው በስለት እቆርጠዋለሁ› ብለው ነው።»

ጠብታ የብዕሯን ክዳን ዘጋችው።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«ስለት ቤቱ ባንቺ መንገድ ነው። ስትመለሺ ተቀበይላቸው። ራሳቸው ሄደው እንዳይሸከሙት።»

«እሺ» አለች። ለአባባ ጉዳይ እሺ ከማለት ሌላ አታውቅም።

መልሱ የመጣው ፏፏቴ የመጨረሻዎቹን ብርጭቆዎች ስታደርቅ ነው። ስልኩን ያነሳችው ዶክተሯ ናት። «እህ… አዎ… አዎ» እያለች እርሳሷን መዘዘች፤ ጸጉሯ ወረደ፤ መልሳ መሰካቱን ረሳችው። ስልኩን ስትዘጋ ወደ ጠብታ መጥታ ሁለት እጇን ያዘቻት።

«ሃምሳ ሦስት አገኙ። ንጽሕናው እንዳልሽው። ተቀብለውታል፣ እትዬ። ለቢሮውም አሁኑኑ እናስታውቃለን ብለዋል። ዛፉ አይነካም።»

ጠብታ መጀመሪያ የተናገረችው ነገር ፏፏቴን ዕድሜ ልኳን ሲያስቃት የሚኖር ነው። «አንዷ የት ሄደች?» አለች።

«ምኗ አንዷ?»

«እኔ ሃምሳ አራት ብዬ ነበር።»

ከዚያ ነው ያለቀሰችው፤ አልቅሳም የሳቀችው። ለአባባ ስትደውል ስልኩ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሱት። «ተቆርጧል፣ አባባ» አለቻቸው፤ ወዲያው ደንግጣ አረመች፤ «ትኬቱ! ትኬቱ ነው የተቆረጠው! መቀመጫም አግኝቷል!» ቀጥሎ የተሰማት ድምፃቸው ወደ እሷ የተናገሩት አይደለም። «ሰማህ አይደል?» ሲሉ ሰማች። ከዛፋቸው ሥር እንደተቀመጡ ናቸው።

ወደ ቤት ስትሄድ ገና ፀሐይ ነበር። ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ በጫማ ሰፊዎቹ በኩል አለፈች፣ መስታወት ቤቱን አለፈች። ስለት ቤቱ ጥግ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ሲዞር ብልጭታው ከሩቅ ይታያል። ባለ ስለቱ የአባባን ምራት ያውቃታል። ገና ከሩቅ ሲያያት ድንጋዩን አቁሞ መጋዙን ከግድግዳው አወረደው፤ ጥርሶቹ እንደ ዓሣ ሆድ ያበሩ ነበር።

«እመቤት! የአባባ መጋዝ ደርሷል! ምላጭ አድርጌዋለሁ፤ ዝሆን ቢሰጡት ይቆርጣል!»

ጠብታ ቆመች። መጋዙን አየችው። ሥራው ያማረ ነው፤ እንዲህ የተጣራ ሥራ ሁልጊዜ ደስ ይላታል።

«ጥሩ ስለት ነው» አለችው። «እዚያው ስቀለው።»

«ዛሬ አትወስጂውም?»

«ዛሬ አልወስደውም።»

«ነገስ?»

እዚያው ጥግ ካለው ፌርማታ አውቶቡሷ ደረሰ። በሩ ላይ ሰው ተጨናንቆ ነበር፤ ጠብታ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለች ገባችና ቆማ ሄደች።